ወገዳ ተሠርቶ ለእስቴ የተቆጠረ ሥራ

"የማን ነሽ?"

ይህን የጠየቁኝ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፤ ወገዳ በገባሁ በማግስቱ፣ ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ። ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የማልረሳው ጥያቄው አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። የማልረሳው መልሱን ለመናገር ብዙ ስለቆየሁ ነው። በመጨረሻ ስናገረውም የአንዲት ሴት እንጀራ እኔ አፍ ላይ ነበር።

ያን ቀን የመለስኩት፣ "የማንም አይደለሁም። የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ" ብዬ ነው።

"ኧረ በይ!" አሉና ሳቁ። "አይሲቲ የሚባል ዘር ደግሞ ከየት ወረዳ ነው?"

እኔ አልሳቅሁም። ሲጀመር ነገር ሲንዛዛ አልወድም። ደግሞ ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ባለው ኮረኮንች ስንገጫገጭ ውዬ፣ ወገቤን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመኝ ነው ያደረው። "ኮምፒውተሩ የቱ ነው?" አልኳቸው። በጣታቸው አሳዩኝ።

መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራም። ዋናው ቢሮ ንፋስ መውጫ ነው፣ ወገዳና እስቴ ደግሞ አንዳንድ ቅርንጫፍ አለው። ሥራው የገበሬውን የመሬት ማኅደር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። በየቅርንጫፉ አንድ ጸሐፊ ይጽፋል፣ የተጻፈው በኔትወርክ ንፋስ መውጫ ይደርሳል፣ እዚያ ያለው ፕሮግራም ደግሞ የትኛው ቅርንጫፍ ምን ያህል እንደሠራ ይቆጥራል።

ችግሩ ከወገዳ ምንም አለመቆጠሩ ነው። ወራት አለፉ፣ ወገዳ ባዶ። እስቴ በየስብሰባው ይመሰገናል።

ኃላፊያችን አቶ ምትኩ ሲልኩኝ እንዲህ አሉኝ፦ "ወይ ማሽኑ ሞቷል፣ ወይ ሴትዮዋ እየቀለደችብን ነው። ሄደሽ ለዪልኝ። በወሩ መጨረሻ ራሴ እመጣለሁ። ሥራ ካላየሁ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

ሴትዮዋ ያሏቸው ወይዘሮ ትርንጎን ነው። ከታይፕራይተር ጀምሮ በጸሐፊነት ያረጁ ሰው ናቸው። ባላቸው ታመው ከተኙ ቆይተዋል፤ ቤቱ የሚኖረው በእሳቸው ደመወዝ ነው። ይህን የነገሩኝ ሊያሳዝኑኝ አይደለም። "ዛሬ ቶሎ ልውጣ፣ ሰውዬውን የሚያገላብጠው የለም" ሲሉኝ ነው የሰማሁት።

ማሽኑን ፈተሽኩት። ጤነኛ ነው። ጎናቸው ተቀምጬ ሲሠሩ አየሁ። ይጽፋሉ፣ ይልካሉ፣ ስክሪኑ "ደርሷል" ይላል። ንፋስ መውጫ ስደውል ግን ከወገዳ የገባ ነገር የለም ይሉኛል።

"አየሽ?" አሉኝ። "እኔ ከዚህ እሸኘዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያድር እግዜር ይወቀው።"

ቀኖቹ እንዲህ አለፉ። ወገዳ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። የተከራየሁት ክፍል የቆርቆሮ በር አለው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፣ እኔም "ማነው?" እላለሁ፣ ማንም አይደለም። ምግብ ቤት ስገባ አስተናጋጇ ከኋላዬ የሚከተል ሰው ካለ ትመለከትና "ብቻሽን ነሽ?" ትለኛለች። በየቀኑ። አንድ ቀን "አዎ፣ ትናንትም ብቻዬን ነበርኩ፣ ነገም ብቻዬን ነኝ፣ ሽሮውን አምጪ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ተወች፤ ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

ስልክ ነበረኝ፣ የምደውልለት ግን አልነበረኝም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ሁሉም በየፊናቸው ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ሥራ ያገኘች ልጅ ሥራ ላጣ ደውላ "ከፋኝ" አትልም። እናቴ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው ያረፈችው።

ኮምፒውተር ላይ ፒንግ የምትባል ትእዛዝ አለች። ሩቅ ያለን ማሽን "አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቂያ ናት። ማሽኑ ካለ "አለሁ" ይላል። ሥራ ሳይኖረኝ የንፋስ መውጫውን ሰርቨር፣ ሥራው ሁሉ የሚገባበትን ዋና ኮምፒውተር፣ እጠይቀው ነበር። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ የሚመልስልኝ እሱ ብቻ የሆነበት ቀን ነበር። ይሄን ለሰው ስናገር አሁን ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያው እየነካካሁ ሳለ ነው ነገሩ የተያዘው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥር አለው። ቁጥር መያዝ ለሰው ስለሚከብድ ስምም እንሰጠዋለን። ስሙንና ቁጥሩን አገናኝቶ የሚይዘው ፕሮግራም ዲኤንኤስ ይባላል፤ ሁለት ጎን አለው። በአንደኛው ጎን ስም ስትጠይቁት ቁጥር ይነግራችኋል። ይሄ ፎርዋርድ ነው። በሌላኛው ጎን ቁጥሩን ስትሰጡት የማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ይሄ ሪቨርስ ነው። ሁለቱ የሚጻፉት ለየብቻ ነው። አንዱን ስላስተካከላችሁ ሌላው ራሱን አያስተካክልም።

እኔ መጀመሪያ ቀን ያየሁት ፎርዋርዱን ነበር። "ወገዳ ማነው?" ስለው ትክክለኛውን ቁጥር ነገረኝ፣ አለፍኩት። ያን ቀን ግን ቁጥሩን አስገባሁና "ይሄስ የማን ነው?" አልኩት።

"እስቴ" አለኝ።

ደግሜ ጠየቅሁት። እስቴ።

ነገሩ ወዲያው በራልኝ። ቁጥሩን ድሮ እስቴ ያለ አንድ ኮምፒውተር ይዞት ነበር። ያ ተበላሸ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ቁጥሩን ለወገዳ ሰጠው፤ በፎርዋርዱ በኩል የእስቴን ሰርዞ የወገዳን ጻፈ። ስሙን በሚጽፍበት ሳጥን ሥር አንዲት ትንሽ ምልክት ማድረጊያ አለች፤ እሷን ከነካ ሪቨርሱም አብሮ ይጻፋል። አልነካትም። ሥራውንም ለቆ ሄደ። የሚቆጥረው ፕሮግራም ደግሞ ሥራ ሲደርሰው የላከውን ቁጥር ያያል፣ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ ሪቨርሱን ይጠይቃል፣ እስቴ ይባላል፣ ለእስቴ ይቆጥራል።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

"ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?"

ነገርኳቸው። ገባቸው አልገባቸው እያልኩ ሁለት ጊዜ አስረዳሁ።

"እና እኔ ይሄን ሁሉ ወር ወገቤ እስኪቆረጥ የለፋሁት ለእስቴ ነው?" አሉ። "እስቴ ባል አላገባሁ፣ እስቴ መሬት አልያዝኩ! እነሱም ተቀብለው ዝም!"

"አላወቁም እኮ።"

"ምስጋናው ሲመጣስ አላወቁም?"

ሁለታችንም ሳቅን። ወገዳ ከገባሁ ከሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ላስተካክለው ሰርቨሩን ለመክፈት ሞከርኩ። ግን እየዘነበ ነበር፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ። በማግስቱም አልመጣም።

ያን ዕለት መሥሪያ ቤቱን ስንዘጋ ወይዘሮ ትርንጎ ዣንጥላቸውን ለሁለታችን ዘርግተው፣ "ቆይ፣ ሙሉ ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"ፍሬሕይወት ካሴ።"

ቆሙ። ግንባሬን አዩ፣ ጣቶቼን አዩ። "የትኛው ካሴ?"

"እኔ እንጃ" አልኳቸው። "ዝናቡ እየመታኝ ነው፣ እንሂድ።"

ዋሸኋቸው። የትኛው እንደሆነ ባላውቅም ከየት እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ዳቦ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ስለ አባቴ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ካሴ ይባላል። የስማዳ ሰው ነው። ሚስት ነበረችው። በቃ።" ትምህርት ቤት ስታስመዘግበኝ የሱን ስም ሰጠችኝ፣ ከዚያ ወዲህ በየወረቀቴ ላይ እሱ አለ። ወገዳ የስማዳ ከተማ ናትና ወደዚያ ስላክ ደስ አላለኝም፣ አልቀርም ግን አላልኩም። ምን ፈልጌ እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አይቶኝ "ይቺማ የኔ ናት" እንዲል ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ወይዘሮ ትርንጎ ሲገቡ እንደወትሯቸው አልተጫወቱም። "እንዴት አደርሽ" ብለው ተቀመጡ። የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ያፍተለትላሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

"ምን ሆኑ? ይንገሩኝ።"

"ካሴን አገኘሁት።"

"የቱን ካሴ?"

"የባሌን የአጎት ልጅ። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ያን ቀን ስምሽን ስትነግሪኝ ግንባርሽ የሱ መሆኑን አየሁ፤ ደብረ ታቦር ማደግሽንም ቀደም ብለሽ ነግረሽኛል። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኩት። 'ፍሬሕይወት የምትባል፣ ደብረ ታቦር ያደገች ልጅ አለችህ ወይ?' አልኩት።"

"ምን አለ?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "'ቤቴ ካሉት በቀር ልጅ የለኝም' አለ።"

"ማን ጠይቁልኝ አለዎት!" ብዬ ጮኽኩ። እውነቴን ነው፣ ጮኽኩ። "በሰው ፊት! ደጀ ሰላም ላይ! ምን አገባዎት?"

"ዘመድ ያላት ልጅ ብቻዋን ሽሮ ስትበላ እያየሁ ዝም ልበል?" አሉኝ። እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "እኛ አገር ሰው ሲጠፋ ይጠየቅለታል። ሌላ ምን አውቃለሁ?"

ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ በቀር አላናገርኳቸውም። ክፍሌ ገብቼ በሩን እቆልፋለሁ፤ ነፋስ ሲያንኳኳው እንኳ "ማነው?" ማለት ተውኩ። ጭራሽ አባት ከሌለው ሰው ይልቅ፣ ተጠይቆ "የለኝም" የሚል አባት ያለው የባሰ ብቸኛ ነው። ከዚያ በፊት አባቴ ቢያንስ አልተጠየቀም ነበር፤ ቢጠየቅ ምን ይላል እያልኩ ማደር እችል ነበር።

ኔትወርኩ የተመለሰው አቶ ምትኩ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ነው። መኪናቸው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሳ ደረሰች። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ትርንጎ ጥግ ይዘው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

እኔ ላፕቶፔን ከፈትኩ። በፎርዋርዱ ወገዳን ጠየቅሁ፣ ቁጥሩ መጣ። ቁጥሩን ጠየቅሁ፣ እስቴ መጣ። "አዩ?" አልኩና በሁሉም ፊት የሪቨርሱን ስም ቀይሬ ወገዳ ብዬ ጻፍኩ። "አሁን ወይዘሮ ትርንጎ አንድ ነገር ይላኩ።"

ላኩ። ንፋስ መውጫ ደወልን። ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበር። "ከእስቴ አንድ ገባ" አለ እዚያ ስልኩን ያነሣው ልጅ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ምትኩም ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ እስቴዎች እኮ ጎበዞች ናቸው።"

ፊቴ ጋለ። ከዚያ አስታወስኩ። ሰርቨሩ አንዴ የተመለሰለትን መልስ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል፤ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ አይፈልግም፣ የድሮውን ይደግማል። የያዘውን የድሮ መልስ አጠፋሁት። "ይድገሙት" አልኳቸው።

"ከወገዳ አንድ ገባ" አለ ስልኩ።

አሁን ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ትርንጎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ያለቀ መሰለኝ፣ ላፕቶፔን ልዘጋ ስል አቶ ምትኩ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። እስቴ ብሎ የነበረው አሁን ወገዳ አለ። ስሙን የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ። ፊቴ ነው የጻፍሽው። ዛሬ ወገዳ ስላለ የከረመው ሁሉ የወገዳ ነበር ማለት ነው? ማን ይመሰክራል?"

"እኔ ነኛ! ሥራዬ ነው። እዚህ ተቀምጬ ሲልኩ አይቻለሁ።"

"አንቺማ..." አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጥንቁቅ ናቸው። "መንገድ ላይ ቁርስ ስበላ የሰማሁት ወሬ አለ። ካሴ የሚባል ሰው አለ፣ የወይዘሮ ትርንጎ ባለቤት የአጎት ልጅ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደው 'ልጅህ መጣችልህ' ብለውታል። አንቺ ደግሞ ፍሬሕይወት ካሴ ነሽ። ለዘመድሽ የሰጠሽውን ምስክርነት ይዤ እኔ እንዴት ልወስን? በይ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ንገሪኝ። የማን ልጅ ነሽ?"

እኔ ከመናገሬ በፊት ወይዘሮ ትርንጎ ተነሡ። "ጌታው፣ እሷን ይተዉልኝ" አሉ። "ቦታውን ለፈለጉት ይስጡት። ይቺን ልጅ ግን በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቋት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጠይቁልኝ ሳትለኝ የጠየቅሁ።"

እኚህ ሰው ቤታቸው የሚያድረው በዚያ ደመወዝ ነው። የታመመ ባል አላቸው። እኔ ደግሞ ስንት ቀን ኩርፍያዬን ይዤ ሰላምታ እንኳ በወጉ ያልሰጠኋቸው ሰው ነኝ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ማንጠልጠል አልወድም። ወይዘሮ ትርንጎ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። መልሴን እንደሰሙ አቶ ምትኩ ወዲያው ስልክ አንሥተው እስቴ ደወሉ። የእስቴው ጸሐፊም "ምስጋናው እኛንም ግራ ሲያጋባን ነው የከረመው" አለ። የከረመው ሥራ ሁሉ ወደ ወገዳ ተመለሰ። እኔ አሁን ያለሁት ንፋስ መውጫ ነው፣ አሁንም ብቻዬን ነው የምኖረው። አልተለወጠም። ወይዘሮ ትርንጎ በየበዓሉ ይደውሉልኛል፣ "በላሽ ወይ?" ነው መጀመሪያ የሚሉኝ። ደስ ይለኛል፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። ካሴን አንድም ቀን አላገኘሁትም። አንቱ ልለው አልቻልኩም፣ ይቅርታ። ልጠላውም ሞክሬ ነበር፣ የማላውቀውን ሰው መጥላት ግን አልሆነልኝም።

ያን ቀን ግን እዚያ ቆሜ ሁሉም ሲያዩኝ፣ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነበር የታየኝ። "የካሴ ነኝ" ብል ማንም አይከለክለኝም፤ መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ስሙ አለበት። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በምስክርነት የካሴ ልጅ ይለኛል፣ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። የወይዘሮ ትርንጎ ቦታ ግን ይሄዳል። ደግሞም እውነት አይሆንም።

"ስሜ ላይ ካሴ አለ" አልኳቸው። "እሱን ስትጠይቁት ግን እኔ የለሁበትም። ወይዘሮ ትርንጎ ጠይቀውታል፣ የለኝም ብሏል፤ እርስዎም ሄደው ይጠይቁት። የሳቸውም የባላቸውም ዘመድ አይደለሁም። እኔን ያሳደገችኝ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ዳቦ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። አንድ ቀን እንኳ የኔ አይደለችም አላለችም። ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ስሟን ሳልጠራ ቆየሁ። የይርገዱ ልጅ ነኝ።"